መብራት ሲጠፋ የምንማረው እንግሊዝኛ

እሺ ከየት ልጀምር... ከመብራቱ ልጀምር። እኛ ቤት እንግሊዝኛ የምንማረው መብራት ሲጠፋ ነው። ቀልዴን አይደለም። የእህቴ ባል በያጅ ነው፤ የብየዳ ማሽን ደሞ መብራት ከሌለ ምንም ነው፣ ድመት የምትተኛበት ሳጥን። ስለዚህ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ጓንቱን ብብቱ ውስጥ ወትፎ፣ "ቲቸር! ትምህርት ቤት ተከፍቷል!" እያለ ከግቢ ይጣራል። ቲቸሩ እኔ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ከኔ የተሻለ ስለሌለ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ብልጭታ ነው የሚለው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ረጅም ነው፣ በበራችን ጎንበስ ሳይል አይገባም፣ የሚገርመው በሯን የሰራት ራሱ ነው። እህቴን እትዬ እላታለሁ፣ በልጅነቴ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እማዬም እዚሁ ከነሱ ጋር ናት። እኔ ደሞ ኮሌጅ ጨርሼ "ስራ እስካገኝ" ብዬ የተጠጋሁ፣ ያው እስካሁንም "እስካገኝ" ላይ ያለሁ ሰውዬ ነኝ።

ነገሩ የመጣው በአጥሩ በኩል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰዎች መጡና አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ወርክሾፑ ይሄዳል፣ ግቢው ይሄዳል፣ ከቤቱም ሳሎኑ ይሄዳል ተባለ። እማዬ ቀለሙን በእርጥብ ጨርቅ ፈግፍጋ ለማስለቀቅ ሞከረች፣ ጭራሽ ተለቅልቆ ሰፋ። ጋሼ እያየ ሳቀና "ተዉት እማማ፣ መንገዱን እያሰፉላቸው ነው" አላት።

እሱ ሰሞን ነው እንግዲህ ድሮ አብሮት ይበይድ የነበረ ጓደኛው ከውጭ የደወለው። መርከብ የሚጠገንበት ትልቅ ቦታ ነው የሚሰራው። በያጅ ይፈልጋሉ፣ ስምህን ሰጥቼልሃለሁ፣ በስልክ ያናግሩሃል፣ በእንግሊዝኛ፣ አለው።

"መርከቡን ልበይደው ነው ወይስ ላወራው?" አለ ጋሼ።

ስልኩ ሲዘጋ ግን እትዬ እያለቀሰች ነበር። የደስታ ነው። ከቀይ ቀለሙ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው። "በል አንተ" አለችኝ፣ "ስትበላው የኖርከው ትምህርት ዛሬ ይውጣ።" እንዲህ ተደርጎ ነው የተሾምኩት።

ጋሼ እንግሊዝኛ ጨርሶ አይችልም ማለት ግን አይደለም። የእቃ ስም በሙሉ ያውቃል። ሰላምታውም ጥሩ ነው። ችግሩ የት መጣ መሰላችሁ፣ አሁንም እየሆነ ያለ ነገር ላይ። በእኛ እኮ አንዲት "እየ" ናት ሁሉንም የምትሸከመው። "አሁን እየበየድኩ ነው" እንላለን፣ "ከልጅነቴ ጀምሮ እየበየድኩ ነው" እንላለን፣ ያቺው "እየ"፣ ምስኪን፣ ቅሬታ የላትም። እንግሊዞቹ ግን ለሁለቱም የተለያየ ልብስ ነው የሚያለብሷቸው። ጋሼ ደሞ ሁለቱን ያምታታል።

መጽሐፍ ይዤ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሰሌዳ ብዬ ላሜራ ላይ በጠመኔ ሰንጠረዥ ሰራሁለት፣ ላሜራውን ቆርጦ ለሰው መስኮት አደረገው። በመጨረሻ ምን አልኩ፣ በራሱ ስራ ልግባ አልኩ።

"ስማኝ ጋሼ። ማስኩ ፊትህ ላይ ነው፣ እሳቱ እየተረጨ ነው፣ አሁን፣ እዚህ። ያኔ አይ አም ዌልዲንግ ትላለህ።"

"እሺ።"

"ቀድመህ ጀምረሃል፣ አሁንም አለቀቅከውም። ያኔ ደሞ አይ ሃቭ ቢን ዌልዲንግ።"

ጠዋት የበየደውን ቱቦላሬ ብረት በጣቱ አሳየኝ።

"ማለት... ድሮ የጋለ፣ ገና ያልበረደ።"

"በቃ! እሱ ነው!"

"ብትነካው የሚያቃጥል።"

"የሚያቃጥል፣ አዎ።"

"አንተ ልጅ እንዲህ አትለኝም እንዴ! ሰንጠረዥ ሰንጠረዥ ትለኛለህ!"

ከዛ በኋላ አንድ ህግ አወጣሁ። እውነት የሆነ አረፍተ ነገር ብቻ። እኔም ራሴ እንግሊዝኛ የገባኝ እንደዛ ነው። "ልጁ ኳስ እየተጫወተ ነው" ይላል መጽሐፉ። የቱ ልጅ? የማን ልጅ? የማታውቀው ልጅ ኳሱን ይዞ ከጭንቅላትህ ይወጣል። የራስህን እውነት ስትናገር ግን ምላስህ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ አልኩት፣ በጣም ወደደው። ከዛ በኋላ እኛ ቤት ያልተባለ እውነት የለም። ማሽኑ ካረጀ ሰንብቷል፣ ጎረቤት በሯን ስትጠብቅ ስንት ጊዜ ሆናት፣ ድመቷ ከጠዋት ጀምሮ ተኝታለች። አንዴ ደሞ እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስለቀይ ቀለሙ ስታወራ ስታወራ ቆይታ፣ እሱ ቀስ ብሎ "ማይ ማዘር ኢን ሎው ሃዝ ቢን ቶኪንግ ሲንስ ዚስ ሞርኒንግ" አለ። አንድ ስህተት የለባትም። እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

"ምንድነው? ምን አልክ ስለኔ? 'ማዘር' ሰምቻለሁ!" አለች እማዬ።

"እያመሰገንኩዎት ነው እማማ።"

"ውሸታም! ሲያመሰግኑ እንዲህ አይስቁም!"

ደስ ይል ነበር፣ ምን ልበላችሁ። መብራት እንዲጠፋ መጸለይ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ ስለ አሰራሩ፣ ያለሱ ሌላው አይገባችሁም። ጋሼ የሚበይደው በጆሮው ነው። እንዴት በሉኛ። ብየዳ ጥሩ ሲሄድ ድምጹ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ነው፣ ችስስስ ብሎ አንድ ወጥ። ኤሌክትሮዱ፣ የሚቀልጠው ዘንግ፣ ከራቀ ይንጣጣል፣ ከቀረበ ይታፈናል። እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ድምጹን እየሰማ ነው እጁን የሚነዳው። ሲጨርስ ቅርፊቱን በመዶሻ ያራግፍና፣ ሲበርድ በአውራ ጣቱ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይዳስሰዋል። አያየውም፣ ይዳስሰዋል። ሰው "ብልጭታ አይኑን ጨፍኖ ይበይዳል" እያለ ሲያደንቅ ነው የኖረው። እኛም አብረን ስናደንቅ።

እና አንድ ቀን ከሰአት መብራት ጠፋ። እትዬ ገበያ ሄዳለች፣ እማዬ ጋደም ብላለች። ወርክሾፑ ውስጥ ቱቦላሬ ላይ ተቀመጥን።

"ቲቸር፣ መጨለም ምንድነው?"

"ዳርክ። እየጨለመ ከሆነ፣ ጌቲንግ ዳርክ።"

"ከክረምት ጀምሮ እየጨለመ ከሆነስ?"

"ያው ያልበረደው ነዋ። ሃዝ ቢን ጌቲንግ ዳርክ።" ከዛ ነው የነቃሁት። "ቆይ፣ ምንድነው ከክረምት ጀምሮ የሚጨልመው?"

"ቀኝ አይኔ።"

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ በእማዬ ላይ እንደቀለደው ዓይነት መስሎኝ ነው። እሱ አልሳቀም። መዳፉን አነሳና ግራ አይኑን ሸፈነው፣ በቀኙ አየኝ። ማለቴ፣ ወደኔ አዞረው።

"አሁን አንተ የለህም" አለኝ። "ድምጽህ ብቻ ነው ያለው።"

ድመቷ ማሽኑ ላይ ተነስታ ተንጠራራች። ለካ ሰሞኑን ሲያናግረኝ አንገቱን የሚያዞረው ለዚህ ነው፣ ግራውን ወደ ሰው ለማምጣት። እኔ ደሞ የቃሉን አነባበብ እየሰማ መስሎኝ።

ኤሌክትሮድ ልገዛ ነው ብሎ የወጣ ቀን ነው ሐኪም ጋ የሄደው። የአይን ሐኪሟ በመብራት አይታ፣ ከአይንህ ኋላ ያለው ተቃጥሏል፣ መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም፣ ብየዳ ካላቆምክ ግራውም ይከተላል አለችው። እንዲህ እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረኝ፣ ጓንቱ ላይ ያለ ቀዳዳ እየነካካ።

"እትዬ ታውቃለች?"

"አታውቅም። አትነግራትም።"

"ጋሼ፣ እንዴት..."

"ማቆም እችላለሁ?" አለኝ። ቁጣ የለውም፣ ጥያቄ ነው፣ መልስ ካለህ አምጣ ዓይነት። "ይሄ ግቢ ሊፈርስ ነው። ከዚህ ሌላ እጄ የሚያውቀው ነገር የለም። አንተ የተማርከው፣ ምን ልስራ በለኝ።"

ለራሴ ያላገኘሁትን ከየት አምጥቼ?

"ልነግርህም ፈልጌ አይደለም እኮ" አለ። "ትምህርት ስለሆነ ነው። እውነት የሆነ በል አልከኝ። እሷ ናት ያለችኝ እውነት። በል አስተካክልልኝ፣ 'ማይ ራይት አይ ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ ሲንስ ላስት ሬይኒ ሲዝን' ልክ ነው?"

"ልክ አይደለም" አልኩት።

"ምኗ ነው?"

እሱ እየጠበቀኝ ነው። ሌላ የማደርገው ነገር ጠፋና አረምኩለት። ኢዝ አይደለም፣ ሃዝ ቢን ነው ጋሼ። ደገመው። ደገመው። መብራቱ እስኪመጣ ደጋግሞ አላት፣ እንደ ብየዳ መስመር ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ሳይንጣጣ። ከተማራቸው ሁሉ እንደሷ አድርጎ ያወቃት የለም።

እንቅልፍ አጣሁ። ለእትዬ ብነግራት፣ አትሄድም ትለዋለች፣ አትበይድም ትለዋለች፣ ከዛስ? ባልነግራት ሄዶ መርከብ ስር ግራ አይኑንም ያጠፋል። የትኛውን እንደምፈልግ ራሱ አላውቅም። ጠዋት ልነግራት ኩሽና ገባሁ፣ እሷ የድሮ ሻንጣ አውጥታ በሳሙና እያሸች እየዘፈነች ነው። "ይሄ እጀታው ላልቷል፣ ይበይድልኝ ይሆን?" አለችኝ። ፕላስቲክ ነው አልኳትና ወጣሁ።

ጓደኛው እንደገና ደወለና ስለ ጤና ይጠይቃሉ አለ፣ በተለይ አይን። መርከቡ ሆድ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ከፍታ አለ። ስለዚህ ሌላ አረፍተ ነገር አስፈለገ። ህጌን ራሴ አፈረስኩ።

"ማይ አይስ አር ጉድ። በቃ። አራት ቃል።"

"ማይ አይ..."

"አይስ። ሁለቱም።"

"ማይ አይስ... ኢዝ..."

"አር!"

"ማይ ጉድ አይ..."

"ጋሼ!"

"አልገባ አለኝ እኮ!" ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረው። "አንተ ነህ ያበላሸኸኝ። ምላሴን እውነት አስለመድከው፣ አሁን ውሸት ስጠው ይተፋል።"

ከዛ ሁለታችንም ሳቅን፣ ደስ የማይል ሳቅ። እትዬ በመስኮት ብቅ ብላ "እንዲህ እየተጫወታችሁ ነው የምትማሩት? እሱ እኮ ቲያትር ቤት አይደለም የሚሄደው!" ብላ ተመለሰች።

የስልኩ ቀን ደረሰ። ከሰአት ነው፣ መብራት የለም። እማዬ ጸጉሯን ተሰርታለች፣ የሚያይዋት ይመስል። እትዬ ስልኩን ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው፣ ድምጹ ጎላ እንዲል። ጋሼ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ በግራው በኩል፣ እንዲያየኝ።

ሴት ናት የደወለችው። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ቀስ እያለች ነው የምትናገረው። ስሙን ጠየቀችው፣ መለሰ። ምን ምን ዓይነት ብየዳ እንደሚችል ጠየቀችው፣ የእቃ ስም ነው፣ ዘረገፈው። ስንት ዓመት ሰራህ ስትለው ደሞ ደረቱን ነፋ አድርጎ "አይ ሃቭ ቢን ዌልዲንግ ሲንስ አይ ዋዝ ኤ ቦይ" አለ። እማዬ በክርኗ ጎኔን ደለቀችኝ። ምንም አልገባትም፣ ግን አወራረዱን ወደደችው።

ከዛ ስለ ጤናው ጠየቀች። ከዛ ደሞ ለብቻው፣ አይንህስ እንዴት ነው፣ አለች።

ጋሼ ወደኔ ዞረ።

ከንፈሬን አንቀሳቀስኩለት። ማይ አይስ አር ጉድ። እያየኝ ነው። እትዬ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ፈገግ ብላለች፣ ከባዱን ጥያቄ እያሰበበት መስሏታል። እሱ አውራ ጣቱን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አደረገና ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፣ የበረደ መስመር እንደሚዳስሰው። ጣቱ ጫፉ ጋ ሲደርስ ተናገረ።

"ማይ ራይት አይ ሃዝ ቢን ጌቲንግ ዳርክ ሲንስ ላስት ሬይኒ ሲዝን።"

አንድ ስህተት የለባትም። አምልጦት ይሁን አስቦበት፣ እስካሁን አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም።

ሴትዮዋ አሁንም እንደዛ ነው ወይ አለችው። "የስ" አላት። "ስቲል።" የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንኳኳ ሳህኑ ውስጥ ተሰማ። ከዛ እንዲህ አለች፣ እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ እንግሊዝኛህ በጣም ጥሩ ነው፣ ቬሪ ጉድ፣ አለች። ቀጥላ "አንፎርቹኔትሊ" አለች።

ስራ አመልክቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ቃል፣ ይቺን "እንዳለመታደል"፣ ያውቃታል። ከሷ በኋላ የሚመጣውን መስማት አያስፈልግም። ለዚህ ስራ ሁለቱም አይን ያስፈልጋል፣ ህጉ ነው፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፣ አለች። እሷም እንደኔ ናት ማለት ነው። መልካም እንዲገጥመው ተመኘችለትና ዘጋች።

"ቬሪ ጉድ አለችው!" እማዬ ተነስታ አጨበጨበች። "ይቺንማ እኔም አውቃታለሁ! ቬሪ ጉድ!"

"ሰምቻለሁ እማዬ፣ ሰምቻለሁ!" እትዬ ባሏን ከኋላ አንገቱን አቅፋ ጭንቅላቱን ሳመችው።

"ደሞ ያቺ ረጅሟ ቃል! አን... ፎር... እንዴት ደስ ትላለች! ለረጅም ሰው ረጅም ቃል!"

ጋሼ አንገቱን አዙሮ በግራ አይኑ አየኝ። እባክህ አላለኝም። ተናገርም አላለኝም። ብቻ አየኝ፣ እኔ ልናገረው የምችለው ነገር ካለ እሱም መስማት የሚፈልግ ይመስል።

"አንተ!" አለችኝ እትዬ። "ደንዝዘህ ቀረህ እንዴ? ተርጉምልን እንጂ! ምን አለች በመጨረሻ?"

አፌን ከፈትኩ። ምን ላድርግ... የትኛውም ቢሮ ስትሄዱ የሚሏችሁን አልኳት።

"እየታየ ነው አለች።"

"እየታየ ነው?"

"አዎ። እያዩት ነው። ያሳውቁናል።"

"እና ይታይ! ቬሪ ጉድ ካለች በኋላ የሚታየው ለደንብ ነው!" አለችና ሳህኑን አንስታ እየዘፈነች ወደ ኩሽና ገባች።

ያኔ መብራት መጣ። ፍሪጁ ጉርር አለ፣ አምፖሉ በራ። ጋሼ ተነሳ። ንጹህ ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና፣ ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ። የጎረቤት በር ገና አላለቀም፣ ቃል ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ ያ ድምጽ ተሰማ፣ ችስስስ፣ አንድ ወጥ፣ ምንም የማይንጣጣ፣ ሰማያዊው ብርሃንም ግድግዳችን ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እትዬ በኩሽናው መስኮት በኩል ልታየው አንገቷን ስታሰግግ፣ እማዬ ከልጅነታችን ጀምሮ ለሁላችንም የምትለንን አለቻት።

"አንቺ! ያን ብርሃን አትዪው ብዬሻለሁ፣ አይን ያጠፋል!"

"እሱስ ቀኑን ሙሉ ሲያየው የሚውለው?" አለች እትዬ እየሳቀች።

"እሱ ለምዶታል" አለች እማዬ።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ፣ አብሬ እንድስቅ። ድምጹን እየሰማሁ ነበር። ገና አላቆመም።